ስለ እርሻ መኪናዎች መከለያና ስለ ገበሬ እጅ

ከጥንት ጀምሮ የኢትዮጵያ ገበሬ እህሉን የሚያበራየው በበሬ ነው። አውድማውን በእበት ለቅልቆ፣ ነዶውን በትኖ፣ በሬዎቹን በላዩ እያዞረ፣ በመንሽ እያገላበጠና በላይዳ እያዘራ ምርቱን ከገለባው ይለያል። ይህ ሥራ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ድካሙም ከባድ ነው፤ ያለ ጊዜው ዝናም የመጣ እንደ ሆነም የዓመቱ ልፋት በአውድማ ላይ ይበሰብሳል። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ድካም ውስጥ አንድ መልካም ነገር አለበት፤ ይኸውም በሬ ‹‹ቁም›› ሲሉት የሚቆም መሆኑ ነው።

ዛሬ በአርሲና በባሌ የስንዴ አገር ኮምባይን እየዞረ ያጭዳል፤ በጤፍና በበቆሎ አገርም በሞተር ወይም በትራክተር ኃይል የሚሠራ አነስተኛ የመውቂያ መኪና ከአውድማ ወደ አውድማ ይጎተታል፤ የእህል ወፍጮ ድምፅም በየከተማውና በየመንደሩ ይሰማል። ይህ ሁሉ ሊመሰገን የሚገባው ነው። የብዙ ቀን ሥራ በጥቂት ሰዓት ያልቃል፤ ሴቶችም ከድንጋይ ወፍጮ ድካም ይድናሉ። ሆኖም መኪና ‹‹ቁም›› ቢሉት አይሰማም፤ ነዶንና እጅንም ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ መኪናን ወደ ገበሬ መንደር የሚያስገባ ሹም ሁሉ ከጥቅሙ ጋር አደጋውንም አብሮ እንዳስገባ ማወቅ ይገባዋል። ይህንንም አደጋ የሚያርቀው ለገበሬው የሚነገረው ምክር ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ በመኪናው ላይ የሚሠራው መከለያና ከዚያ በኋላ ሳይቋረጥ የሚደረገው ጥገና ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይነሣ። በታኅሣሥ ወር አንድ የሃያ ዓመት ጐልማሳ በኪራይ በመጣ መውቂያ ፊት ቆሞ ነዶ ያጎርሳል እንበል። የመኪናው አፍ አጭር ነው፤ ጥርሳሙ ከበሮ ከአፉ ጫፍ ሁለት ስንዝር ቢርቅ ነው። ባለመኪናው ነገ ለሌላ ሰው ቃል ሰጥቷልና ይቸኩላል፤ ባለእህሉም በሰማይ ላይ ደመና አይቷልና ይቸኩላል። ፀሐይ ልትጠልቅ ቀርባለች፤ ጐልማሳው ከጧት ጀምሮ እንደ ቆመ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ እርጥብ ነዶ በአፉ ላይ ይቀረቀራል፤ እርሱም በእጁ ይገፋዋል። ከበሮው ነዶውን በድንገት ሲውጠው እጁንም አብሮ ይስበዋል።

እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ጊዜ በመንደሩ ሁለት ቃል ይሰማል። አንዱ ‹‹ጥንቃቄ ስለ ጐደለው ነው›› ይላል፤ ሁለተኛውም ‹‹ዕድሉ ነው፤ ምን ይደረጋል›› ይላል። የሁለቱ አነጋገር ቢለያይም ፍሬያቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ምርመራውን ይዘጋሉ። የመኪናው አፍ ስለ ምን እንዳጠረ፣ ማን እንደ ሠራው፣ ማን አይቶ እንዳከራየው፣ ማቆሚያውስ ከሠራተኛው እጅ ስለ ምን እንደ ራቀ የሚጠይቅ አይገኝም። መኪናውም ታጥቦ በማግሥቱ ወደ ሌላ አውድማ ይሄዳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከአደጋው በኋላ የሚሰጠው ምክር የተጎዳውን ሰው አይጠቅመውም፤ መኪናው እንደ ነበረ ከቀረም ለሚቀጥለው ሰው ትርፉ ጥቂት ነው።

ጥንቃቄ መልካም ነገር ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን በጥንቃቄ ብቻ መታመን ስሌቱ የማይሆን ነገር ነው። አንድ ሠራተኛ በየአሥር ሰከንዱ አንድ እፍኝ ነዶ ቢያጎርስ በአንድ ሰዓት 360 ጊዜ፣ በአሥር ሰዓትም 3,600 ጊዜ እጁን ወደ መኪናው አፍ ይዘረጋል። ከነዚህ ውስጥ 3,599 ጊዜ ተጠንቅቆ አንድ ጊዜ ብቻ ዐይኑ ወደ ሌላ ቢዞር፣ ወይም እንቅልፍ ቢያዳፋው፣ ወይም እግሩ በጭድ ላይ ቢንሸራተት፣ ያ አንድ ጊዜ ይበቃል። በዓለም ላይ በቀን 3,600 ጊዜ ያለ አንዳች ስሕተት የሚሠራ ሰው የለም። ስለዚህ ብልህ መሐንዲስ መኪናውን የሚሠራው ለማይሳሳት ሰው አይደለም፤ የሚደክምና የሚሳሳት ሰው ቢሳሳትም እጁ እንዲተርፍለት አድርጎ ነው።

ይህ ዐሳብ ከመኪና ጋር የመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስል። በኦሪት ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ማንም እንዳይወድቅ በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰውም የሰው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት እንዲከፍል ተፈርዶበታል። ሕጉ ግዴታውን የጣለው በወጣው እንግዳ ወይም በወደቀው በሬ ላይ ሳይሆን በሠሪውና በባለቤቱ ላይ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በመኪና ሥራ ቀድመው የገቡ አገሮችም ወደዚሁ ፍርድ የደረሱት ብዙ እጅ ከጠፋ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠሩት የውጭ አገር ዓመቶች እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።) በእንግሊዝ አገር በ1844 የወጣው የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚዞሩት መዘውሮችና ዘንጎች እንዲታጠሩ አዘዘ፤ ልጆችና ወጣቶችም በመዞር ላይ ያለውን ማስተላለፊያ እንዳይጠርጉ ከለከለ። ይህ ሕግ ግን የፋብሪካውን ሠራተኛ እንጂ የእርሻውን ሠራተኛ አልደረሰለትም። ለመውቂያ መኪና ሕግ የወጣው ከ34 ዓመት በኋላ በ1878 ሲሆን፣ ከበሮውና የማጉረሻው አፍ በሚገባ እንዲታጠር አስገደደ። ጭድ መቍረጫውም እንዲሁ ሕግ ያገኘው በ1897 ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የእርሻ ሠራተኛ ሁልጊዜ ከፋብሪካ ሠራተኛ በኋላ የሚታሰብ መሆኑ ነው። ይህ ልማድ በኢትዮጵያ እንዳይደገም የግብርና ሹማምንት ሊተጉ ይገባል።

ለኢትዮጵያ ገበሬ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የሕንድ ነው። በሕንድ አገር የተሻለው የስንዴ ዘር ከገባ በኋላ ምርቱ በዛ፤ በበሬ ማበራየትም አልበቃ አለ፤ በየመንደሩ አንጥረኛ ሱቅ የተሠሩ መውቂያዎችም በአጭር ጊዜ ውስጥ በፑንጃብና በሐርያና በኡታር ፕራዴሽም ተሠራጩ። ዋጋቸው ርካሽ ነበር፤ አፋቸው ግን አጭርና ክፍት ነበር፤ ብዙ ሠራተኞችም እጃቸውንና ጣታቸውን አጡ። በመጨረሻም በ1983 የአገሪቱ ምክር ቤት አደገኛ መኪናዎችን የሚቈጣጠር ሕግ አወጣ። ሕጉም የመውቂያ መኪና ሠሪውንና ነጋዴውን ከፈቃድ በታች አደረገ፤ ለተጎዳ ሠራተኛም ካሣ እንዲከፈል ደነገገ።

የሕንድ መሐንዲሶች ያገኙት መድኃኒት ረቂቅ ጥበብ አይደለም። የማጉረሻውን አሸንዳ ማስረዘምና ወደ ከበሮው የሚጠጋውን ክፍል ከላይ መክደን ነው። በአገሪቱ ደረጃ የአሸንዳው ርዝመት ከ90 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ የተከደነውም ክፍል ከ45 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ ተወሰነ። የዚህ ቍጥር ምክንያት በሰው አካል ይታወቃል፤ የጥበቃ መለኪያዎች የሰው ክንድ ከትከሻ ጀምሮ እስከ 85 ሳንቲ ሜትር እንደሚደርስ ይቈጥራሉ። አሸንዳው ከክንዱ ከረዘመ፣ የደከመውም፣ የቸኰለውም፣ ያልተማረውም ሰው እጁን ከበሮው ዘንድ ሊያደርስ አይችልም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቁራጭ ላሜራና የአንድ ቀን የብየዳ ሥራ ነው። አንድ ሺህ ጊዜ ‹‹ተጠንቀቅ›› ከማለት ይህ ቁራጭ ላሜራ ይበልጣል።

መኪና የሚሠሩ ሊቃውንት ዛሬ የሚከተሉት ሥርዓት፣ 12100 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተጻፈው፣ ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛው አደጋውን ከመኪናው ሥሪት ማስወገድ ነው፤ ለምሳሌ አሸንዳውን ማስረዘም፣ ስለታም ጠርዝን ማደብደብ፣ መኪናው እንዳይገለበጥ ወገቡን ዝቅ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ሊወገድ ያልቻለውን አደጋ በመከለያ መጋረድ ነው። ሦስተኛውና የመጨረሻው የቀረውን አደጋ በጽሑፍና በምልክት ማስታወቅ፣ ሠራተኛውንም ማስተማር ነው። ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ አይገባውም። በብዙ ስፍራ ግን የሚታየው ይህ ተገልብጦ ነው፤ ሻጩ በመኪናው ላይ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ቀይ ወረቀት ይለጥፍና ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል።

መከለያ የሚያስፈልጋቸው ክፍሎች በየመኪናው ሊቈጠሩ የሚችሉ ናቸው። እነርሱም ጥርስ ከጥርስ የሚገናኝበት፣ ጠፍሩ (መካኒኮች ቺንጋ የሚሉት) በመዘውሩ ላይ የሚገባበት፣ የሚዞር ዘንግ የተገለጠበት፣ እህል የሚጐርስበትና ፍርፋሪ የሚወረወርበት ስፍራ ናቸው። ከነዚህ ሁለቱን በቍጥር ማየት ይጠቅማል።

ከትራክተር ኋላ ለመውቂያ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ በተለመደው ሥሪት በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ ይኸውም በሰከንድ 9 ጊዜ ማለት ነው። የዘንጉ ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ የጋቢ ወይም የነጠላ ጫፍ ቢይዝ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨርቅ ይጠቀልላል። ሰውየው አይቶና ደንግጦ እጁን እስኪያነሣ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅ፣ 70 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ልብስ ተጠቅልሎ አካሉ ከዘንጉ ጋር ተገናኝቷል። እንዲሁም 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወፍጮ መዘውር በደቂቃ 1,000 ጊዜ ቢዞር፣ ጠፍሩ በሰከንድ ከ15 ሜትር በላይ ይሮጣል። ከዚህ ጠፍር አጠገብ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ፤ ሕፃናትም በጀርባቸው ታዝለዋል። ጠፍሩን የሚጋርድ የሽቦ ወንፊት ወይም የእንጨት አጥር ሳይኖር የሚሠራ ወፍጮ፣ ሳይከደን የተተወ ጕድጓድ ማለት ነው።

ነገር ግን መከለያ መሥራት ብቻ አይበቃም፤ መከለያው እንዲኖር የሚያደርገው አሠራሩ ነው። ብዙ ጊዜ አዲስ መኪና ከነመከለያው ይመጣና ከአንድ መኸር በኋላ መከለያው በባለቤቱ ጓሮ ወድቆ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ይገኛል። ይህን ያዩ ሰዎች ገበሬውን ያልሠለጠነ ነው ብለው ያሙታል። ቀርቦ ለመረመረው ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ኩሽኔታው በየቀኑ ግራሶ ይፈልጋል፤ የግራሶው ማስገቢያ ግን ከመከለያው ውስጥ ነው፤ መከለያው ደግሞ በስምንት ብሎን ታስሯል። መካኒኩ በየቀኑ ስምንት ብሎን ፈትቶ ስምንት ብሎን ማሰር ስላለበት በሦስተኛው ቀን አራቱን ብቻ ያስራል፤ በሳምንቱም መከለያውን ይተወዋል። ይህ የመካኒኩ ጥፋት ከመሆኑ በፊት የሠሪው ጥፋት ነው። ግራሶው ከውጭ በቱቦ እንዲገባ ቢደረግ፣ መከለያውም በማጠፊያ ተይዞ በመሣሪያ የሚከፈት አንድ መዝጊያ ብቻ ቢኖረው፣ ማንም አያነሣውም ነበር። ስለዚህ መኪና ለመግዛት የሚመርጥ ሹም ‹‹መከለያ አለውን?›› ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃውም፤ ‹‹መከለያው ሳይነሣ ዘይትና ግራሶ መስጠት፣ ጠፍሩንም ማየት ይቻላልን?›› ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ጥገናም ራሱ ሥርዓት ካልያዘ ሰውን ይጎዳል፤ መኪና ሲሠራ ራቅ ብሎ የሚቆም ሰው ሲጠግን ግን እጁን ከውስጡ ያገባልና። ሥርዓቱ አጭር ነው። በመጀመሪያ ሞተሩ ይጥፋ። ከዚያ ቁልፉ ወጥቶ በሚጠግነው ሰው ኪስ ይግባ፤ ቁልፍ የሌለው ሞተር ከሆነም ጠፍሩ ከመዘውሩ ላይ ይውረድ። ቀጥሎም የሚዞረው ሁሉ እስኪቆም ይጠበቅ፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ከባዱ ከበሮ ገና ይዞራልና። ከፍ ብሎ የተሰቀለ ክፍል፣ ለምሳሌ የኮምባይን ማጨጃ፣ በብረት ድጋፍ ሳይያዝ ማንም ከበታቹ አይግባ። ጥገናው ሲያልቅ መከለያው ይመለስ፤ በዙሪያው ሰው አለመኖሩ ይታይ፤ መኪናውንም ያቆመው ሰው ራሱ ያስነሣው። ብዙ አደጋ የሚደርሰው አንዱ በውስጥ ሲጠግን ሌላው ሳያውቅ ሲያስነሣ ነው፤ ቁልፉ በጠጋኙ ኪስ ቢኖር ይህ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው የጥገና ፍሬ ነገር ብረትም እንደ ሰው የሚደክም መሆኑን ማወቅ ነው። ሰው ሲደክም ያዛጋል፤ ብረት ግን ሳያስታውቅ ይሰነጠቅና በድንገት ይሰበራል። በመውቂያ ከበሮ ላይ የታሰረ አንድ ጥርስ ብሎኑ ላልቶ ቢወጣ እንደ ጥይት ይወረወራል። የተሰበረውን ጥርስ ያገኙትን ብረት በየዳ ቀጥሎ መተካትም አደጋውን ማዘግየት እንጂ ማስወገድ አይደለም፤ ክብደቱ ከሌሎቹ ከተለየ ከበሮው ይናወጣል፤ መናወጡም ሌሎቹን ብሎኖች ያላላል።

የተሰወረ ስንጥቅ ምን እንደሚያደርስ በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ክፍል በብሮክተን ከተማ ታይቷል። በዚያ በነበረ የጫማ ፋብሪካ በመጋቢት 20 ቀን 1905 ያረጀ የእንፋሎት ጋን፣ ቦይለር የሚባለው፣ ፈንድቶ ሕንፃውን አፈረሰው፤ እሳትም ተነሥቶ 58 ሰዎች ሞቱ። ስንጥቁ የተገኘው ሁለቱ የብረት ገበታዎች ተደራርበው በተቸነከሩበት መጋጠሚያ ውስጥ ሲሆን ከውጭ በዐይን የሚታይ አልነበረም። ከዚህ በኋላ የማሳቹሴትስ መንግሥት በ1907 የቦይለር አሠራር ደንብ አወጣ፤ የአሜሪካ የመካኒክ መሐንዲሶች ማኅበርም ለመላው አገር የሚሆን ደንብ አዘጋጅቶ በ1915 አሳተመ። ባለንብረቶች አስቀድሞ የሚያወጣው ገንዘብ ብዙ ነው ብለው ይከራከሩ ነበር፤ ከ58 መቃብር በኋላ ግን ክርክሩ ደከመ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ያገራችን ምሳሌ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ስለ ትራክተርም የስዊድን ሥራ የሚጠቀስ ነው። ትራክተር በተዳፋት ላይ ሲገለበጥ ነጂውን ከበታቹ አድርጎ ይጨፈልቀዋል። የስዊድን መንግሥት ከ1959 ጀምሮ አዲስ ትራክተር ሁሉ ነጂውን የሚጠብቅ የብረት ቅስት ወይም ጠንካራ ጎጆ ሳይኖረው እንዳይሸጥ ከለከለ። ከዚያ በኋላ ቅስት ያላቸው ትራክተሮች እየበዙ ሲሄዱ በመገልበጥ የሚሞተው ነጂ ቍጥር እጅግ ቀነሰ። ስዊድኖች ከዚያ በፊት ከነበሩት ነጂዎች ይልቅ ጠንቃቆች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ተራራቸውም አልተደለደለም፤ የተለወጠው ትራክተሩ ነው። ቅስቱ ግን ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ነጂው ቀበቶውን ሲያስር መሆኑ አይዘንጋ። ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር ይጋጫል ብሎ ቅስቱን አስቈርጦ የሚነዳ ሰውም ቅርንጫፉን ማስቈረጥ ይቀለው ነበር።

ስዊድን ለኢትዮጵያ እርሻ እንግዳ አይደለችም። በ1967 በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት በአርሲ የተጀመረው፣ ካዱ ተብሎ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ፣ በአሰላ የእርሻ መሣሪያ የሚመረምር ክፍል ነበረው። ስለዚህ መሣሪያን ለገበሬ ከማከፋፈል በፊት በአገሩ አፈርና በአገሩ እህል መፈተን በኢትዮጵያ የታወቀ ልማድ ነው። የሚቀረው ከፈተናው ጥያቄዎች መካከል ‹‹በሰዓት ስንት ኩንታል ይወቃል?›› ከሚለው ጎን ‹‹እጅ ከበሮው ዘንድ ይደርሳልን?›› የሚለውን በእኩል ማዕርግ ማስቀመጥ ነው።

በዚህ ዐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል። አንደኛው ‹‹መከለያ ዋጋ ይጨምራል፤ ገበሬው ደግሞ ድኻ ነው›› የሚል ነው። እውነት ነው፤ ዋጋ ይጨምራል። ነገር ግን ድኻ ሰው ከእጁ በቀር ሌላ ሀብት እንደሌለው ማሰብ ያስፈልጋል። ቀኝ እጁን ያጣ ገበሬ እርፍ ሊይዝ አይችልም፤ መሬቱን ለእኵል አራሽ ይሰጣል፤ ልጁንም ከትምህርት ቤት አውጥቶ ከብት ያስጠብቃል። የላሜራው ዋጋ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የእጁ ዋጋ ግን ዕድሜ ልክ ይከፈላል፤ የሚከፍሉትም ቤተሰቡ ናቸው እንጂ ባለመኪናው አይደለም። መኪናው ርካሽ የመሰለው ከዋጋው ከፊሉ በሌላ ሰው ላይ ስለ ተጫነ ነው።

ሁለተኛው ‹‹መከለያ ሥራ ያዘገያል›› የሚል ነው። ይህም አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ በተለይ መከለያው ክፉ ሆኖ የተሠራ እንደ ሆነ። በመልካም የተሠራ ረጅም አሸንዳ ግን ነዶውን በሥርዓት ስለሚያስገባው መቀርቀሩን ይቀንሳል። ቢያዘገይም እንኳ ሰው ሲጎዳ የሚጠፋው ጊዜ ይበልጣል፤ አደጋ የደረሰበት አውድማ በዚያ ቀን ሥራ አይሠራበትምና።

ሕጉን በሚመለከት በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሎበታል፤ ሠራተኛውም የጥበቃ መሣሪያን እንዳያነሣና እንዳያበላሽ ከልክሏል። ይህ አዋጅ ግን የሚመለከተው የሥራ ውል ያላቸውን ነው። በአውድማ ላይ ነዶ የሚያጎርሰው ሰው ብዙ ጊዜ የማንም ቅጥር አይደለም፤ በደቦ የመጣ ጎረቤት፣ ወይም የባለእህሉ ልጅ፣ ወይም አማች ነው። መኪናው የኪራይ ነው፤ ነጂው የሌላ ሰው ነው፤ አውድማው የሦስተኛ ሰው ነው። አደጋ በደረሰ ጊዜ እያንዳንዱ ወደ ሌላው ያመለክታል። ይህን ክፍተት የሚዘጋው መንገድ ኃላፊነቱን ከመኪናው ጋር ማሰር ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1963 ስለ መኪና መከለያ ባወጣው በቍጥር 119 ስምምነት አደገኛ ክፍሉ ያልተከለለ መኪና እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የደነገገው በዚሁ ምክንያት ነው። ሻጭና አከራይ ሊታወቁና ሊጠየቁ ይችላሉ፤ በደቦ የመጣውን ሁሉ ግን ማን ሊቈጣጠር ይችላል?

እንግዲህ በየዞኑና በየወረዳው ያሉ የግብርና ሹማምንት አዲስ አዋጅ ሳይጠብቁ ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ አለ።

አንደኛ፣ መኪና ለኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ለወጣቶች ማኅበር በሚገዛበት ጊዜ የማጉረሻው ርዝመት፣ የዘንጉና የጠፍሩ መከለያ፣ አጎራሹ ከቆመበት ሳይርቅ የሚደርስበት ማቆሚያ፣ እንዲሁም በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ በውሉ ውስጥ ይግባ። መለዋወጫ ብሎንና ጠፍርም አብሮ ይገዛ።

ሁለተኛ፣ በወረዳው ያሉት መውቂያዎችና ወፍጮዎች ይመዝገቡ፤ መኸር ሳይደርስ በኅዳር ወር አንድ መካኒክና አንድ የልማት ሠራተኛ ሆነው ይዩአቸው። የጐደለው ካለ በአካባቢው ባለው የብየዳ ሱቅ ይሠራ፤ የተሟላውም ምልክት ይደረግበት። ምልክት የሌለውን መኪና ማኅበራት እንዳይከራዩ ይመከሩ።

ሦስተኛ፣ በአውድማ ላይ ጥቂት ደንብ ይከበር። ሕፃናት አይቅረቡ፤ ጋቢና ነጠላ ይውለቅ ወይም በመቀነት ጠበቅ ብሎ ይታሰር፤ አጎራሹ በየሰዓቱ ይለወጥ፤ የተቀረቀረ ነዶ መኪናው ሳይቆም በእጅ አይነካ፤ ብርሃን ሳይኖር በማታ አይወቃ።

አራተኛ፣ የደረሰ አደጋ ሁሉ፣ ለጥቂት የተረፈውም ጭምር፣ ይጻፍ። ሲጻፍም የሰውየው ጥፋት ብቻ ሳይሆን የመኪናው ዐይነት፣ የጐደለው መከለያና ሰዓቱ ይመዝገብ። አደጋ ያስታወቀን ሰው የሚቀጣ ሹም ከዚያ በኋላ አደጋ መቅረቱን ሳይሆን ወሬው መቅረቱን ብቻ ያገኛል።

አምስተኛ፣ በዓመቱ መጨረሻ ለበላይ በሚላከው ሪፖርት ውስጥ ‹‹ይህን ያህል መኪና ተሠራጨ›› ከሚለው መስመር በታች ‹‹ከእነዚህ ይህን ያህሉ ከነመከለያቸው ይሠራሉ›› የሚል መስመር ይጨመር። ሹማምንት ትጋታቸው ወደሚቈጠረው ነገር ማዘንበሉ የታወቀ ነው፤ የመኪናው ብዛት ብቻ ከተቈጠረ የሚበዛው መኪና ብቻ ነው።

መኪና ወደ ገበሬ አገር የሚገባው የገበሬውን እጅ ከድካም ለማሳረፍ ነው። እጁን ወስዶ ምርቱን የሚሰጠው መኪና ውለታው ምንድን ነው? በሚመጣው ታኅሣሥ በአንድ አውድማ ላይ አንድ ጐልማሳ በመሸ ጊዜ፣ ደክሞት ሳለ፣ የተቀረቀረ ነዶ በእጁ ይገፋ ይሆናል። በዚያች ሰዓት ከወረዳው ሹማምንት አንድም በአጠገቡ አይኖርም። በአጠገቡ ሊኖርለት የሚችለው እነርሱ በኅዳር ያሠሩት 90 ሳንቲ ሜትር ላሜራ ብቻ ነው።